ጋቢና ኮፍያ ነው፦ የአሮጌ ሃይሉክስ ጋቢና አዲስ ሻንሲ ላይ እንዴት ጫንነው

አባቴ ሃይሉክሷን የሚያሠራት በጨው ነበር። አዳማ ላይ ጨው በጆንያ ይጭንና ዴራና ኢተያ ገበያ ያደርሳል። ሲመለስ ድንች ወይ ሽንኩርት ይዞ ይመጣል። ጨው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከጆንያው ይንጠባጠባል፣ በካሶኒው (በኋላ ጭነት መጫኛው) ስንጥቅ ይወርዳል፣ ሻንሲው (ጋቢናውን፣ ሞተሩንና ካሶኒውን የሚሸከመው የስር ብረት) ላይ ያርፋል፣ ሌሊት እርጥበት ሲያገኝ ይሟሟል። ይሄ ለብዙ ዓመት ሆነ።

አባቴ አርፎ መኪናዋ ለእኔ ስትደርሰኝ ጋቢናዋ ሙሽራ ነበረች። በሩ ገፋ ሲደረግ ጠብ ብሎ ይዘጋል። ወለሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ የለም። ከስር ገብቼ ሻንሲውን በመዶሻ መታ መታ ሳደርገው ግን የብረት ድምፅ አልሰጠኝም። ከጋቢናው ጀርባ፣ ካሶኒው በሚጀምርበት በታች በኩል፣ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። አንዱ ስንጥቅ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያስገባል።

ሁለት ሰዎች «ላሜራ ይለጠፍበትና ይበየድ» አሉኝ። የተበላ ብረት ላይ ላሜራ መለጠፍ የበሰበሰ ጨርቅ ላይ መጣፊያ መስፋት ነው። ክሩ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዝኩ። የተገለበጠች፣ ጋቢናዋ የተጨፈለቀ፣ ሻንሲዋና ሞተሯ ግን ደህና የሆነች አዲስ ሃይሉክስ ፈልጌ የአባቴን ጋቢና እሷ ላይ አስቀመጥኩ። ሥራው ሁለት ወር ከምናምን ፈጀ። እንደገና ብሠራው በሦስት ሳምንት እጨርሰዋለሁ። ልዩነቱን ነው እዚህ የምጽፍላችሁ።

ወረቀቱ ከብረቱ ይቀድማል

ከሁሉ በፊት ይቺን ያዙ። ጋቢና ኮፍያ ነው። መኪናው ሻንሲው ነው።

ይሄ የመካኒክ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ነው። ኮፍያውን ብትቀይሩ ሰውየው ያው ሰውዬ ነው። እኔ በልቤ «የአባቴን መኪና እያደስኩ ነው» እል ነበር። በወረቀት ግን ያደረግኩት የሌላ ሰው መኪና ገዝቼ የአባቴን ጋቢና ማልበስ ነው። የምትቀረው ታርጋ የገዛኋት ናት። የአባቴ ታርጋ ይመለሳል። ይሄን ለእናቴ ስነግራት ግማሽ ቀን አላናገረችኝም።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሂዱ። የተሽከርካሪ መለያን፣ ምርመራንና ምዝገባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ልትሠሩ ያሰባችሁትን በማመልከቻ አስገቡ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቆርጣችሁ፣ በይዳችሁ፣ ቀብታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብትሄዱ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ማስረዳት የእናንተ ዕዳ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ በቃል ጠይቄ «ችግር የለውም» ተብዬ ተመለስኩ። በሳምንቱ ስሄድ ያ ሰው ፈቃድ ወጥቷል። የተካው ሰው ስለ እኔ ምንም አያውቅም። «በጽሑፍ» ያልኩት ለዚህ ነው።

የምትገዙትን ሻንሲ ቁጥር ራሳችሁ እዩት። ሃይሉክስ ላይ በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው አጠገብ፣ ሻንሲው ላይ ተመትቶ ታገኙታላችሁ። ጭቃውን በናፍጣ አርሳችሁ በሽቦ ብሩሽ አጽዱት። ግራይንደር በአጠገቡ እንዳያልፍ። ፊደል በፊደል ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ በስልክ ፎቶ አንሱት። በዙሪያው የብየዳ ወይም የመፈግፈግ ምልክት ካያችሁ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ጥላችሁ ሂዱ። እኔ የገዛሁት ኢንሹራንስ በሐራጅ ከሚሸጣቸው የተጋጩ መኪኖች ነው። ሙሉ ወረቀት ይዞ ስለሚመጣ ትንሽ ቢወደድም ይሻላል።

የትኛው ሻንሲ?

የአባቴ እ.ኤ.አ. የ1995 ኤልኤን 106 ነው፣ ሲንግል ጋቢና፣ 2.8 ሊትሩ 3ኤል ሞተር። የገዛሁት የ2002 ኤልኤን 167 ነው፤ እሱም ሲንግል ጋቢና፣ ባለ 3 ሊትር 5ኤል ሞተር። አሮጌው ፊቱ ድፍን አክስልና ባሌስትራ (የተደራረበ የላሜራ ሞላ) ነው። አዲሱ ፊቱ የየራሱ እግር አለው፣ የሚሸከመው በቶርሽን ባር፣ ማለት በሚጠማዘዝ የብረት ዘንግ ነው። ለጭነት አሮጌውን እወደዋለሁ። ለወገብ ግን አዲሱ ነው።

ብዙ ሰው «ለምን ዲ4ዲ አልወሰድክም?» ይለኛል። ቪጎን፣ ከእነዚህ በኋላ የመጣችውን ሃይሉክስ ማለቱ ነው። ጉልበቷንማ ማን ይጠላል? ግን የዲ4ዲ ሞተር በኮምፒውተር ነው የሚሠራው። የነዳጅ ፔዳሉ እንኳ ካቦ የለውም፣ ሴንሰር ነው። የቁልፉ ኢሞቢላይዘር (ስርቆት መከላከያ) ካለ እሱም ከኮምፒውተሩ ጋር ይነጋገራል። የቪጎን ሽቦ በሙሉ አሮጌ ጋቢና ውስጥ መዘርጋት ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። የእኔ 5ኤል በሜካኒካል ፓምፕ የምትሠራ ናት። ወደ ፓምፑ የምትሄድ አንዲት የናፍጣ መዝጊያ ሽቦ፣ የማሞቂያ ካንዴላ፣ የሞተሪኖ፣ የዲናሞ፣ የዘይትና የሙቀት ጌጅ። ከዚህ ብዙም አይዘልም። እቤቱ ለሚሠራ ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

የራሳችሁን ጋቢናም ሳታዩ አትዝለሉ። የወለሉን ምንጣፍ ገልጡ። የፊት መስታወቱን ታች ተመልከቱ። ከሁሉ በላይ ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚቀመጥባቸውን ማዕዘኖች ከስር በካቻቢቴ ውጉ። ካቻቢቴው ከገባ መጀመሪያ ላሜራ ሠሪ ጋ ነው የምትሄዱት።

ልኬት፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው

ግማሹ ጊዜዬ የባከነው ሳልለካ ስለፈታሁ ነው። እናንተ ጋቢናው አሮጌው ሻንሲ ላይ እንዳለ ለኩ። አንዴ ከወረደ የት እንደነበር የሚነግራችሁ የለም።

የሚያስፈልጋችሁ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ከግንበኛ የምትዋሱት ቱንቢ፣ ውኃ የተሞላ ቀጭን ላስቲክ ቱቦና ደልዳላ የሲሚንቶ ወለል ነው። ሻንሲ የሚለካበት ውድ መሣሪያ የለኝም። ግንበኛ አራት ፎቅ በቱንቢና በውኃ ልክ ቀጥ አድርጎ ካወጣ፣ ለአንዲት ፒካፕ ያንሳል?

መኪናዋን ወለሉ ላይ አቁሙ። ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ፣ ነፋሳቸው እኩል ይሁን። ቱንቢውን ከፊት አክስሉ መሐል፣ ከግራም ከቀኝም፣ አውርዳችሁ ያረፈበትን ምልክት አድርጉ። ሁለቱን ነጥቦች በመስመር አገናኙ። ይቺ መስመር እናት መስመር ናት። ቀጥሎ ጋቢናው በቡሎን ከተያዘበት ከእያንዳንዱ ቦታ ቱንቢ አውርዱ። ከፓራፋንጎው ክብ ጫፍ፣ ከራዲያተሩ ማቀፊያ፣ የመሪው ዘንግ ከጋቢናው ከሚወጣበት፣ ካምቢዮው ወለሉን ከሚበሳበት፣ ከጋቢናው የኋላ ግድግዳም እንዲሁ። ሲያልቅ ወለሉ ላይ የመኪናዋ ጥላ ይቀራል።

እኔ መጀመሪያ በቾክ ነበር የሳልኩት። አዳማ መሆኔን ረስቼ። ከከተማው በላይ ያሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚያሽከረክር ነፋስ የእኔን ቾክ ይምራል? በማግስቱ ጠዋት ግማሹ ሥዕል አልነበረም። ነጥቡን በምስማር ጫሩት፣ መስመሩን በቀለም አድርጉት።

ከዚያ አሮጌዋን አስወጥታችሁ አዲሱን ሻንሲ እዚያው ወለል ላይ አምጡ። የፊት አክስሉን መሐል በእናት መስመሩ ላይ አስተካክላችሁ የእሱን የጋቢና መቀመጫዎች በሌላ ቀለም ሳሉ። እኔ አሮጌውን በነጭ፣ አዲሱን በቀይ አደረግኩ። አሁን ሁለቱ መኪኖች አንዱ በሌላው ላይ ተኝተዋል። የት እንደሚገጥሙ፣ የት ስንት እንደሚጎድል በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የእኔ የኋላ ሁለቱ ከሞላ ጎደል ገጠሙ። የፊቶቹ ግን ወደ ሦስት ጣት ያህል ተላለፉ። የእኔን ቁጥር አትያዙ፤ ሥሪቱ፣ ዓመቱና የጋቢናው ዓይነት ይለያያል።

ከፍታም አለ። ከሻንሲው የላይኛው ፊት እስከ ጋቢናው ወለል ያለውን በየመቀመጫው ለኩና ጻፉ። ይሄን የዘለለ ሰው መጨረሻ ላይ ኮፈኑ አልዘጋም ይለዋል፤ ወይ ፋኑ ማቀፊያውን ይልሰዋል።

የገዛችሁት እንደ እኔ የተገለበጠ ከሆነ ሻንሲው አለመጠማዘዙንም አረጋግጡ። ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ በሰያፍ ለኩ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። የእኔ በ3 ሚሊ ተለያየ፤ ተቀበልኩት። ከ5 ሚሊ በላይ ቢሆን ሻንሲ የሚያቀና ጋራዥ ነበር የምሄደው። ውኃ የተሞላውን ቱቦ ይዛችሁ ደግሞ በአራቱም ማዕዘን ከፍታውን አስተያዩ። በሰያፍ እኩል ሆኖ አንዱ ጥግ ቀና ያለ ሻንሲ አለ። እንደ ተጣመመ አልጋ ማለት ነው፤ መሬት ላይ ስታስቀምጡት አንድ እግሩ ይንጠለጠላል።

ምን ከምን ይቅደም? እኔ ያስቀደምኩት ጎማንና መሪን ነው። ጎማው ከፓራፋንጎው ክብ መሐል ካልሆነ ስትጠመዝዙ ይነካል። የመሪው ዘንግ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የካምቢዮው ቀዳዳ ላሜራ ነው፤ ይቆረጣል፣ ይሸፈናል። የእኔ ካምቢዮ ከቀዳዳው ወደ ኋላ ስለወጣ ወለሉን ከኋላ በኩል ቆርጬ ፊቱን ሞላሁት። ከመቁረጤ በፊት በካርቶን ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነው። በአምስቱም ማርሽ፣ በሪቨርስም፣ በፎር ዊሉም ዘንግ።

መፍታት

እዚህ ብዙ አልቆይም፤ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ይሄን ሥራ ባይጀምር ይሻለዋል። መጀመሪያ ባትሪው ይውጣ። ውኃው ይፍሰስ። የማሞቂያው ቱቦ፣ የነዳጅ ካቦ፣ የፍሪሲዮን መስመር፣ የፍሬን ቱቦዎች፣ የእጅ ፍሬን ካቦ፣ የኪሎ ሜትር ካቦ፣ የመሪው ዘንግ፣ የሽቦ ሶኬቶች፣ ከሞተር ወደ ጋቢና የምትሄደው የመሬት ሽቦ። የመጨረሻዋ ትረሳለች። ጋቢናው ሲነሳ ተንጠልጥላ ታገኟታላችሁ።

የምትፈቱትን ሁሉ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። የወረቀት ፕላስተር ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ ለጥፉ። እስክሪብቶ ናፍጣ ሲነካው ይጠፋል፤ ከእኔ ተማሩ። ቡሎኖቹን በየቦታቸው ለየብቻ ፌስታል ውስጥ አስገቡ። የዛጉትን ከዋዜማው ጀምሮ አርሷቸው። እምቢ ያለውን በእሳት ከማሞቅ በግራይንደር መቁረጥ ይሻላል፤ አጠገቡ ጎማና የፍሬን ቱቦ አለ። የእሳት ማጥፊያ ከሌላችሁ ቢያንስ አንድ ባልዲ አሸዋ ይቀመጥ።

በሮቹን፣ ወንበሩንና ኮፈኑን አውርዳችሁ ጋቢናውን አቅልሉት። በሮቹ ከመውጣታቸው በፊት ግን በበሩ ክፍተት ውስጥ አንግል ብረት በሰያፍ በቡሎን እሰሩ። በር የሌለው ጋቢና ሲነሳ ይለጠጣል፤ ከዚያ በሩ ዕድሜውን ሙሉ አይዘጋም። እኛ በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) ነው ያነሳነው፤ ሁለት ወፍራም ጣውላ በመስኮትና በበር ክፍተት አሳልፈን። ጥዋት በ1 ሰዓት ጀመርን። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ የአዳማ ፀሐይ ብረት አያስነካም።

የጋቢና መቀመጫ መሥራት

በያጁ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ብረት አልነበረም። «የሻንሲው ቁጥር የት ጋ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ያንን ቦታ በጨርቅ ጠቅልለው በሽቦ አሰሩት። «እዚህ ጋ ፍንጣሪ ከነካው ልጄ፣ እኔንም አንተንም ይጠይቁናል።»

ከአሮጌው ሻንሲ የተቆረጡ መቀመጫዎችን እንዳትጠቀሙ፤ ጨው የበላው እነሱንም ነው። እኛ አዲስ መቀመጫ ከ5 ሚሊ ብረት ሠራን። መጀመሪያ በካርቶን ቅርፁን አወጣን። ከዚያ በብረት ቆርጠን በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዝናቸው። ጋቢናውን አወረድን፣ ሁሉን አየን፣ እንደገና አነሳን። ሙሉ ብየዳው የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ማንሳትና ማውረዱ ያሰለቻል። ግን በነጥብ የተያዘ ነገር በአንድ መዶሻ ይነቀላል። ሙሉ የተበየደው በግራይንደር እንኳ ቀን ይፈጃል።

ጋሼ የማይደራደሩባቸው ነገሮች ነበሩ። ሻንሲውን ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚሻገር ብየዳ አይሠሩም፤ ብረቱ እዚያ መስመር ላይ ይደክምና ይሰነጠቃል። መቀመጫው በሻንሲው ጎን ላይ፣ በቁመቱ እንዲተኛ ያደርጋሉ። የሻንሲውን የላይኛውና የታችኛውን ፊት በትራፓኖ አያስበሱም። ሻንሲ ጭነት ሲሸከም ታችኛው ይለጠጣል፣ የላይኛው ይጨመቃል፤ መሐሉ ነው ዕረፍት ያለው። መብሳት ግድ ከሆነ ጎኑ መሐል ነው። ሌላው የብየዳው መሬት መቆንጠጫ ነው። የሚበየደው አጠገብ ብቻ ይያያዛል። ራቅ ብሎ ከተያያዘ መብራቱ በኩሽኔታ በኩል ያልፍና ኩሽኔታውን ያቆስለዋል። ባትሪውም የዲናሞው ሽቦም ተነቅለው ነው።

የብየዳ ኤሌክትሮዱ 7018 የሚባለው ዓይነት ነበር። ጋሼ ከቤታቸው በጨርቅ ጠቅልለው ነው ያመጡት፤ እርጥበት ከነካው ብየዳው ውስጥ ቀዳዳ ይተዋል። ሲጨርሱ ኮቱን (ብየዳው ላይ የቀረውን ቅርፊት) በመዶሻ አራግፈው ጣታቸውን በብየዳው ላይ አሳለፉ። አንዱ ቦታ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው ቢደክምም ጣታቸው አየ። ፈግፍገው ደገሙት።

የጋቢናው ላስቲክ ቡሽ (በጋቢናውና በመቀመጫው መሐል የሚገባው ትራስ) ላይ ተጣላን። እሳቸው ከአሮጌ ጎማ እንቁረጥ አሉ። ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ይሠራልም። እኔ ግን አዲስ ገዛሁ። የጎማ ቁራጭ ውፍረቱ እኩል አይሆንም። አንዱ ጥግ በ4 ሚሊ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ እነዚያን ሁሉ ቀናት የለካሁት ለምን ነበር? ጋሼ ሳቁብኝ። «የከተማ ልጅ ገንዘብ ማባከን ይወዳል» አሉ።

ማውረድና ማጥበቅ

አሁን የሞኝነቴን ልንገራችሁ። ጋቢናው ወረደ። ቡሎኖቹ ሁሉ ገቡ። ደስታ አሰከረኝና የግራውን ሁለቱን እስከ ጥግ አጠበቅኩ። ወደ ቀኝ ዞሬ የፊቱን ስጀምር ከላይ «ጧ» የሚል ድምፅ መጣ። ቀና ስል የፊት መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ሰላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው መስታወት፣ የዴራን መንገድ ጠጠር የቻለ፣ በእኔ ቁልፍ ሄደ። ጋቢናው ተጠማዞ ነው። የቀኙ መቀመጫ በትንሹ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ቡሎኑ ጋቢናውን ወደ ታች ጎተተው።

ስለዚህ እንዲህ ነው። መኪናዋ በአራቱም ጎማዋ ደልዳላ መሬት ላይ ትቁም፤ ክሪክ ላይ አይደለም። ቡሎኖቹን ሁሉ በእጅ አስገቡ። የትኛው ቡሽ ከጋቢናው ጋር እንዳልተነካካ በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እዩ። ክፍተት ካለ በብረት ሮንዴላ ሙሉት፤ በቡሎን አትሳቡት። ከዚያ በሰያፍ፣ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ። በየዙሩ መሐል ሁለቱንም በሮች ክፈቱና ዝጉ። የደብተር ወረቀት በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። በዙሪያው ሁሉ እኩል መያዝ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ላላ ካለ ጋቢናው ተጠማዟል፤ ፍቱና ከሮንዴላው ጀምሩ። የመጨረሻውን ጥብቀት በቶርክ ቁልፍ፣ በመኪናው መጽሐፍ ባለው ቁጥር።

መሪና ፍሬን

በዚህ ላይ አልቀልድም። የመሪ ዘንግ አይበየድም። አይረዘምም፣ አያጥርም፣ «ይይዛል» አይባልም። የአሮጌው ጋቢና ዘንግ ጥርስ ከአዲሱ የመሪ ሳጥን ካልገጠመ የአዲሱን ሙሉ የመሪ ዘንግ ወደ አሮጌው ጋቢና አስገቡ። እኔ ያደረግኩት ይሄንን ነው። ዳሽቦርዱ ስር ያለውን ማያያዣ ቶርኖ ቤት አሠራሁት። መሪው ከአባቴ አይደለም ማለት ነው። ይሁን።

ከገጠመ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ የፊት ጎማዎቹን አንሱና ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠምዝዙ። አንድ ሰው ከስር ሆኖ ይይ። ዘንጉ ቱቦ፣ ሽቦ፣ ላሜራ መንካት የለበትም።

ፍሬኑ ላይ ሕጉ ቀላል ነው፤ ጎማው የማን ከሆነ ማስተሩም (የፍሬን ዘይት ገፊው) ሴርቮውም (የፔዳል ኃይል አጋዡ) የእሱ ይሁን። የአዲሱን ማስተርና ሴርቮ ወደ አሮጌው ግድግዳ አዛወርኩ፤ ቀዳዳው በትንሹ ተስተካከለ። ከኋላ አክስሉ በላይ፣ በዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘች ትንሽ ቫልቭ አለች። ጭነት ሲበዛ ለኋላ ፍሬን የበለጠ ግፊት ትሰጣለች። ካሶኒውን ስታነሱ ዘንጓን እንዳታጣምሟት። አየር ስታወጡ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ። ፔዳሉን በሙሉ ኃይል ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ያዙት። ቀስ እያለ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ እስኪገኝ ከግቢ አትውጡ።

ሽቦ

የሞተሩን ሽቦ ከአዲሱ፣ የመብራቱንና የዳሽቦርዱን ከአሮጌው ወስጄ አገናኘኋቸው። ቀለማቸው አይመሳሰልም። አንድ በአንድ በመሞከሪያ አምፖል ነው። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ዛሬ ይሠራል፤ ነሐሴ ላይ አይሠራም። በሊድ መበየጃ አያይዙና በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ አልብሱት። ወደ ጋቢናው የሚገባው ዋና መስመር የራሱ ቫልቮላ ይኑረው። የኪሎ ሜትሩ ነገር አንዱ በካቦ ሌላው በሴንሰር ከሆነ የማይናገር ጌጅ ይዛችሁ ምርመራ አትሂዱ፤ አስቀድማችሁ ጨርሱት።

እኔን ሦስት ቀን ያስለቀሰኝ መብራት ነው። የፊት መብራት ሲበራ የሙቀት ጌጁ ይወጣል፣ ፍሬቻ ሲሰጥ ዳሽቦርዱ ይርገበገባል። ዲናሞ ተጠረጠረ፣ ባትሪ ተቀየረ። ለካ ያቺ ያልኳችሁ የመሬት ሽቦ ናት። ጋቢናው በላስቲክ ቡሽ ላይ ነው የተቀመጠው። ላስቲክ መብራት አያሳልፍም። አዲስ ቀለምም እንዲሁ። ከሞተር ወደ ጋቢና አንድ፣ ከጋቢና ወደ ሻንሲ አንድ፣ ወፍራም ሽቦ፣ ቀለሙ ተፍቆ በተራቆተ ብረት ላይ አሰርኩ። በአምስት ደቂቃ ሁሉም ዝም አለ።

ከግቢ ስትወጡ

የመጀመሪያ ሙከራዬ የወንጂ መንገድ ነበር፤ ቅርብ ነው፣ ቢበላሽም በባጃጅ ይመለሳል። ባዶዋን፣ በዝግታ። ደልዳላ ቦታ ላይ መሪውን ለቀቅ አድርጉና ወዴት እንደምትጎትት እዩ። ከዚያ ቆማችሁ ከስር ግቡ፤ የሚያበራ የተፈገፈገ ብረት ካለ የሆነ ነገር እየነካ ነው። ጎማ ማስተካከያ (አላይመንት) ግዴታ ነው።

የጋቢናውን ቡሎኖች በ50 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በ500 ኪሎ ሜትር እንደገና አጥብቁ። አዲስ ላስቲክ ይቀመጣል። የእኔ በመጀመሪያው ላይ እያንዳንዳቸው ሩብ ዙር ገደማ ወሰዱ፣ በሁለተኛው ምንም።

የተቆረጠውን የካምቢዮ ቀዳዳና የገባችሁበትን ሁሉ ከስር በማሸጊያ ዝጉና ቀለም ቀቡ። ሲደርቅ አንድ ሰው ውስጥ ቁጭ ይበል፣ ሌላው ከውጭ በቱቦ ውኃ ይልቀቅ። የእኔ ከግራ በሩ ታች ገባ። ላስቲኩ ያረጀ ነው። ውኃውን ለክረምት ልተወው አልኩ፤ ነፋሱ ግን አልጠበቀኝም። ወለንጪቲ መንገድ ላይ ስወጣ በዚያች ስንጥቅ ገብቶ እንደ ዋሽንት ያፏጫል። እናቴ ጎኔ ቁጭ ብላ ትንሽ አዳመጠችና «ይቺማ ድሮም ታፏጭ ነበር» አለች። የበሩን ላስቲክ ገዝቼ ወንበሩ ስር አስቀምጬዋለሁ። እስካሁን አልገጠምኩትም።